ገናን ከፀሐይ አምላኪዎች ቀዳነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ። ሰሞኑን የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ክርስትና ከጥንት አማልክት፣ ከግብፁ ሆረስና ከሮሙ ሚትራ፣ የተቀዳ ነው ይላል። ሁለቱም ከድንግል ተወልደው፣ 12 ደቀ መዛሙርት አስከትለው፣ ሞተው በሦስተኛው ቀን ተነሥተዋል ይላል። ኢየሱስ ፀሐይ ነው፣ ሐዋርያት 12ቱ ከዋክብት ናቸው፣ ገናም የፀሐይ በዓል ነበር ይላል። መልስ አጣሁ። በዚያ ላይ ላገባ ነው፤ እናቴ «ኮከባችሁ ሳይቆጠር አይሆንም» ብላለች። ይህን ስነግረው «ታዲያ እናንተም ኮከብ አምላኪ ናችኋ!» አለኝ። አፈርኩ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። እኔን የሚያስጨንቀኝ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሆዱ ይዞ ቀስ በቀስ ከደጀ ሰላም የሚርቀው ወጣት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለሮም ንጉሥ በጻፈው መልስ የሚትራ አምላኪዎችን አንሥቷቸዋል። ኅብስትና አንድ ጽዋ ውኃ አቅርበው ቃል ይደግሙበታል ይላል። መመሳሰሉን አልደበቀም። የእኛን አስመሰሉ እንጂ እኛ ከእነሱ አልወሰድንም ብሎ ግን በግልጽ ተናገረ። አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ሸሽተው አያውቁም፤ አንተም አትሽሸው።

መጀመሪያ ባልደረባህን በፍቅር «የት ተጽፎ ነው?» በለው። ሆረስን እንይ። በግብፃውያኑ ትረካ ኦሲሪስን ገዛ ወንድሙ ገደለው፤ ሬሳውንም ቆራረጠው። ሚስቱ ኢሲስ ቁርጥራጩን ለቃቅማ ገጣጠመችው፤ ከዚያም ከሞተው ባሏ ሆረስን ፀነሰች። እንግዲህ ይህን ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ጎን አስቀምጠህ አንብበው። ድንግልናው የታለ? 12 ደቀ መዛሙርት ያስከተለ፣ ተሰቅሎ የተነሣ ሆረስም በጥንቱ የግብፅ ጽሑፍ የለም። ሚትራ ደግሞ በሮማውያን ቅርጽ ላይ ከዐለት ነው የሚወጣው፤ ያውም ቢላና ችቦ ይዞ። ዐለት ድንግል ከተባለ ምን እላለሁ? የሮማውያኑ የሚትራ አምልኮ አሻራ መታየት የሚጀምረው በአንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ስለ ሞቱና ስለ ትንሣኤው ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ከዚያ በፊት፣ በ50ዎቹ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። ተረት ዘመን የለውም። እኛ በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም «በመዋዕለ ጲላጦስ ጰንጤናዊ» እንላለን። የአንድ አገረ ገዥ ስም በጸሎታችን መካከል ምን ይሠራል? ዘመን እየቆጠርን ነው። ይህ የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1961 በቂሣርያ ተቆፍሮ ወጥቷል። የሆረስን አገረ ገዥ የሚነግርህ ሰው ግን የለም።

ወደ ፀሐዩ እንምጣ። የቪዲዮው ክርክር ግማሹ የቆመው በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «ልጅ» እና «ፀሐይ» የሚሉት ቃላት ሲጠሩ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። ወንጌል ግን በእንግሊዝኛ አልተጻፈም። በግሪኩ ልጅ «ሂዮስ»፣ ፀሐይ «ሄልዮስ» ነው። በግእዛችን ወልድና ፀሐይ ምን አገናኛቸው? እንግሊዞች ሰንበትን «የፀሐይ ቀን» ይሏታል፤ እኛ እሑድ እንላለን፤ አንደኛ፣ መጀመሪያ ማለት ነው። ሰኑይ ሁለተኛ፣ ሠሉስ ሦስተኛ እያልን እንቀጥላለን። በቀኖቻችን ስም ውስጥ ጣዖት የለም። የጎንደር ልጅ በሰው አገር ቋንቋ ጨዋታ ሃይማኖቱ ሲናወጥ ማየት ያሳዝነኛል።

ጌታን «ፀሐየ ጽድቅ» ብለን እንጠራዋለን፣ እውነት ነው። ቃሉ የነቢዩ ሚልክያስ ነው። ግን ፀሐይ በእኛ ዘንድ ፍጡር ናት። ብርሃን በመጀመሪያው ቀን ተፈጠረ፤ ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው። ከረቡዕ በፊት ሦስት ቀን ብርሃን ያለ ፀሐይ ነበረ ማለት አይደል? ፀሐይን የሚያመልክ ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም። 12ቱ ሐዋርያትም የ12ቱ ነገደ እስራኤል ቁጥር ናቸው፤ ማቴዎስ 19፥28ን አንብብለት።

አሁን ገና። «የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ዲሴምበር 25 አይመለከተንም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ይህ መልስ አይሆንም። ታኅሣሥ 29 በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 25 ነው። ፈረንጆች እ.ኤ.አ. በ1582 ቀናቸውን ስላስተካከሉ ነው ዛሬ 13 ቀን የምንራራቀው። ስለዚህ ጥያቄው ለእኛም ነው።

ንጉሥ አውሬልያኖስ በ274 በሮም ለፀሐይ ቤተ መቅደስ መርቋል። ግን የፀሐዩም የጌታ ልደትም ዲሴምበር 25 እንደሚውሉ በግልጽ የሚነግረን ጥንታዊ ሰነድ ያው አንድ ነው፤ በ354 በሮም የተጠናቀረ መዝገብ። በእርሱ ይዞ «እናንተ ናችሁ የቀዳችሁ» ብሎ መፍረድ አይቻልም። የእኛ አባቶች ስሌት ደግሞ ከፀሐይ አይጀምርም። ከፅንስ ነው የሚጀምረው። መጋቢት 27 ጥንተ ስቅለት ነው፤ መጋቢት 29 ጥንተ ትንሣኤ ነው፤ ጌታ በማኅፀነ ማርያም ያደረበትም ቀን ይኸው መጋቢት 29 ነው። ከዚያ ቁጠር። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ታኅሣሥ 29 ላይ ትደርሳለህ። አምስቷ ቀን ጳጉሜን ናት።

ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን አቆጣጠር፣ የተማረ ልጅ ቀጥሎ ያለውን ያውቀዋል። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን በማግሥቱ ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገናን ታኅሣሥ 28 እናከብራለን። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ አልነበር? ለምን? የፅንሱ ቀን ቁጥር እንዳይዛባ ነው። 275 ቀን፤ አንድ አይጎድል፣ አንድ አይተርፍ። የፀሐይን በዓል የሚያከብር ሰው የአንዲት እናት የእርግዝና ቀን እንዲህ ተጠንቅቆ ይቆጥራል?

«ሞቶ በሦስተኛው ቀን ተነሣ» የሚለውንም ቪዲዮው ፀሐይ በዲሴምበር መጨረሻ ሦስት ቀን ቆማ ከመነሣቷ ጋር ያገናኘዋል። ትንሣኤ ግን ዲሴምበር ላይ ውሎ አያውቅም። ከአይሁድ ፋሲካ ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱም የሚቆጠረው በጨረቃ ነው።

ከአሕዛብ ጋር የሚመሳሰል ነገር አንድም የለንም አልልህም። ማኅሌት ቆመህ ታውቃለህ። ጸናጽሉን አስታውስ፤ በዘንጎቹ ላይ የተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ሽል ሽል የሚለውን። የግብፅ ካህናት በኢሲስ ፊት የሚያንሿሹት ዕቃ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። አልክድህም። ዳዊትም በታቦቱ ፊት በጸናጽል አመስግኗል። ለእኛ ጸናጽሉ ያዕቆብ ላየው መሰላል ምሳሌ ነው፤ ድምፁ መላእክት ሲወጡና ሲወርዱ ያሳስበናል። ብረቱ ብረት ነው። የሚመሰገነው ማን ነው የሚለው ነው ጥያቄው።

የባልደረባህ ንግግር የወጋህ ግን በሆረስ አይመስለኝም። ኮከብ ቆጠራው ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ይዟል። የአንተንና የእናትህን ስም ፊደል ደምሮ፣ በ12 ገድፎ፣ «ኮከብህ ሐመል ነው፣ የእሷ አቅራብ ነው፣ አትስማሙም» የሚል ሰው በአገራችን አለ። አንዳንዱም ጥምጣም ጠምጥሟል። ልቤ ያዝናል። ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ የሚሉትን ስሞች ስማቸው፤ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ከወንጌል አልመጡም። ኦሪት ዘዳግም 18 ጥንቆላን ሁሉ ይከለክላል። ኢሳይያስ በምዕራፍ 47 ባቢሎንን ከዋክብት ቆጣሪዎችሽ ይነሡና ያድኑሽ እያለ ይወቅሳታል። የሰብአ ሰገልን ኮከብ የሚጠቅሱልህ ካሉ ዮሐንስ አፈወርቅ መልሶላቸዋል፤ ያ ኮከብ በቀን የታየ፣ እየመራ የሄደ፣ ሕፃኑ ያለበት ቤት ላይ የቆመ ነው። እንደ ሌላው ኮከብ አልነበረም። ኮከብ ቆጣሪም በተወለዱበት ሰዓት ዕጣቸውን እነግራለሁ ይላል እንጂ ንጉሥ መወለዱን ከኮከብ አያውቅም።

ስለዚህ ለባልደረባህ «በዚህኛው ልክ ነህ፣ እሱን እኛ እናርማለን» በለው። አትፈር።

እናትህን ግን አትቆጣቸው። ከፍቅር ነው፤ ትዳርህ እንዳይፈርስ ፈርተው ነው። ለንስሐ አባታችሁ ቀድመህ ንገራቸው። እጮኛህንም ይዘህ ቅረብ፤ ተዘጋጅታችሁ በተክሊልና በቁርባን ተጋቡ። ቅዳሜ ከጉባኤ በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ላይ እገኛለሁ። እናትህን ይዘህ ና፤ እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ባልደረባህም ከመጣ ደስ ይለኛል።