ማሽኑ ሲጮኽ

ይድረስ በጅማ በኩላሊት እጥበት ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ከአጋሮና ከሰቃ ሌሊት ተነስተው በራችሁ ላይ የሚደርሱት ሕሙማን የሚጨነቁት ስለ ኩላሊታቸው ነው፤ ስለ ቫይረስ መጨነቅ የእናንተ ፈንታ ነው። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል። በዚህ ላይ በሳምንት 3 ጊዜ የሚታጠብ ሰው በዓመት ከ150 ጊዜ በላይ ደሙ በቱቦ ወጥቶ ይመለሳል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ የእኛ እጅ አለበት።

አጥብቄ የማሳስባችሁ ጉበትን ስለሚያጠቃው ቫይረስ፣ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ ያለበት ሰው የሚታጠበው በተለየ ክፍልና በተለየ ማሽን ነው፤ እርሱን የምትረዳ ነርስም በዚያው ፈረቃ ቫይረሱን የመከላከል አቅም የሌለውን ሌላ ታካሚ መንካት የለባትም። ሄፓታይተስ ሲ የተለየ ማሽን አይጠይቅም፤ ዛሬ በ8 ወይም በ12 ሳምንት ኪኒን አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ክትባት ግን የለውም።

ወጣት ሳለሁ፣ ሌላ ቦታ ስሠራ፣ የአንድ ታካሚ መርፌ እየነቀልሁ ሳለ የጎረቤቱ ማሽን ጮኸ። በዚያው ጓንት ሄጄ ቁልፉን ተጫንሁት። ቁልፉ ላይ የቀረችው ጠብታ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም ነበር። አልጋው ላይ የነበሩት እናት ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እጅህ ደም ነው» አሉኝ። ቁልፉን ወዲያው በበረኪና ወለወልሁት፤ ነገር ግን የእርሳቸው የደም ምርመራ ውጤት በየወሩ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ አጣሁ። ውጤቱ ነጻ ሆነ፤ ይህም በእኔ ጥንቃቄ የመጣ አይደለም።

ስለዚህ ማሽኑ ሲጮኽ ነጻ እጅ ያለውን ባልደረባችሁን ጥሩ፤ ራሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጓንቱን አውልቃችሁ፣ እጃችሁን አጽድታችሁ፣ አዲስ አጥልቁ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ ሄፓሪኑንም፣ ከአልጋዎቹ ርቆ በንጹህ ቦታ ቅዱት እንጂ ብልቃጡን ይዛችሁ ከታካሚ ወደ ታካሚ አትዙሩ።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የተሻለ የሚሠራው እጥበት ሳይጀመር ነው። ከተጀመረ በኋላ መጠኑ እጥፍ፣ ማለትም 40 ማይክሮግራም፣ ሆኖ እንኳ ሰውነታቸው መከላከያ የማያመነጭ ብዙዎች ናቸው፤ የመጨረሻው መርፌ ከተወጋ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ፣ በደማቸው ያለው የመከላከያ መጠን መለካት አለበት። በተመላላሽ ክፍል ስኳር ወይም ደም ግፊት ኩላሊቱን መጉዳት የጀመረበትን ሰው ስታዩ፣ ክትባቱን በዚያው ዕለት ካርዱ ላይ ጻፉለት።

የእናንተንም ካርድ አውጥታችሁ እዩ። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አብዛኞቻችሁ በልጅነታችሁ አልወሰዳችሁትም። እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ የእጥበት ክፍል በተነሳው የሄፓታይተስ ቢ ወረርሽኝ የሞቱት ሕሙማን ብቻ አልነበሩም፤ ሠራተኞችም ነበሩበት። ክትባቱ 3 መርፌ ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላና በ6ኛው ወር።