ቁጥሩ ገጥሞ ድምፁ ሲጣላ
የዲጄዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አንድ ዘፈን በዲጄ ሶፍትዌሮቹ፣ ሬኮርድቦክስ ላይ 8ኤ፣ ትራክተር ላይ 1ኤም ይላል። የትኛውን ልመን? (አንባቢ ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱንም። ሁለቱም የሚሉት የዘፈኑ ኪይ (ማረፊያ ኖታውና የኖታ ስብስቡ) ኤ ማይነር ነው። 8ኤ ካሜሎት የሚባለው የኪይ አጻጻፍ ነው፤ ማይነሩን በኤ፣ ሜጀሩን በቢ ያመለክታል። (ይህ ኤ የኖታ ስም አይደለም፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል።) 1ኤም ደግሞ ኦፕን ኪይ የሚባለው ሌላ አጻጻፍ ነው፤ ማይነሩን ኤም፣ ሜጀሩን ዲ ብሎ ከሲ ሜጀር መቁጠር ይጀምራል። ከኦፕን ኪይ ወደ ካሜሎት ለመቀየር 7 ይደምሩ፤ ድምሩ ከ12 ካለፈ 12 ይቀንሱለት። 6ኤም 1ኤ ይሆናል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ዘፈኖች ሁለቱም 8ኤ ናቸው። አንዱ 118፣ ሌላው 125 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) ነው። ቢቱን ሳስተካክል ዜማቸው ይጣላል። ለምን? (አንባቢ ከሀዋሳ)

መልስ፦ ኪይ ሎክ (ፍጥነቱ ሲቀየር ኪዩ እንዳይቀየር የሚይዘው) አልበራም። 118ን ወደ 125 ሲያፈጥኑ ወደ 6 በመቶ ገደማ ጨመሩ፤ ያ ደግሞ አንድ ሴሚቶን (በሁለት ጎረቤት የኪቦርድ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት) ሙሉ ነው። ኤ ማይነር የነበረው ቢ ፍላት ማይነር፣ ማለትም 3ኤ ሆኗል። 8ኤ ፋይሉ ሲተነተን የተሰጠ ቁጥር ነው፤ ፒች ፋደሩን (የፍጥነት መግፊያውን) ሲገፉት ኪዩ አብሮ ይቀየራል። ከሁሉም የከፋው 3 በመቶ አካባቢ ነው፤ ዘፈኑ በሁለት ኪይ መካከል ይንጠለጠልና ከምንም ጋር አይገጥምም። ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ግን ብዙም አይሰማም። ኪይ ሎክን (ፓዮኒር ዕቃዎች ላይ ማስተር ቴምፖ ይባላል) ያብሩት፤ ብዙ ሲገፉ ድራሙ ስለታም ጠርዙን ስለሚያጣ ግን 7 ቢፒኤምን በአንዴ ከመዝለል በመካከል ሌላ ዘፈን ቢያስገቡ ይሻላል።

8ኤን ከ7ኤ፣ ከ9ኤ ወይም ከ8ቢ ጋር መቀላቀል የተለመደው ሕግ ነው፤ ከ12 ቀጥሎ 1 ይመጣል። ሕጉ ግን ዋስትና አይደለም። 8ኤ እና 9ኤ ከሰባት ኖታ ስድስቱን ይጋራሉ፤ ልዩነታቸው 8ኤ ላይ ኤፍ፣ 9ኤ ላይ ኤፍ ሻርፕ መሆኑ ነው። ሁለቱ ኖታዎች አብረው ከተሰሙ ጆሮ ይቆረቁራል። ስለዚህ የአንዱን ቤዝ በኢኪው (በድምፅ ማመጣጠኛው) ይቁረጡ፤ ሁለት ቮካልም አይደርቡ።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌሩ የአምባሰል ዘፈን ላይ 4ኤ ይለኛል። ልክ ነው? (አንባቢ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ኖታዎቹን አግኝቷቸዋል፤ ማረፊያውን ስቷል። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው 24 ሜጀርና ማይነር ብቻ ነው፤ ቅኝት አያውቅም። ከሲ የሚነሳ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። እነዚሁ አምስት ኖታዎች ከኤፍ ሲነሱ ትዝታ ማይነር ይሆናሉ፤ 4ኤ ደግሞ ኤፍ ማይነር ነው። እውነተኛ 4ኤ ዘፈን ቢደርቡበት ኖታዎቹ አይጋጩም። ችግሩ የሌላው ዘፈን ቤዝ ኤፍ ላይ ሲያርፍ ነው፤ አምባሰሉ አምባሰልነቱን ያጣና ትዝታ ትዝታ ይላል። አንዳንዴ ሆን ብሎ የሚደረግ ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ሳይታወቅ ሲደረግ ግን ዘፋኙ የሳተ ይመስላል።

ማረፊያውን ለማወቅ የስንኙን መጨረሻ ሉፕ አድርገው ዘፋኙ ወይም ማሲንቆው የሚያርፍበትን ድምፅ ኪቦርድ ላይ ይፈልጉ። ካገኙት በኋላ በኮሜንቱ ቦታ «አምባሰል ሲ» ብለው ይጻፉት። ድምፁ በሁለት ቁልፍ መካከል ከወደቀ፣ ከካሴት የተገለበጠ ሊሆን ይችላል፤ የቴፑ ፍጥነት ተዛብቶ ነው።

አንቺ ሆዬ ላይ ቁጥሩን ጨርሶ ይተዉት። ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ስለሆነ ተራው ሜጀርም ሆነ ተራው ማይነር ውስጥ አይገባም። ከበሮ ብቻ በሚሰማበት ቦታ ይግቡ፤ በዚያው ይውጡ።