ትከሻዬን ደህና በሆነበት ቀን ለክተው 20 በመቶ ሰጡኝ፤ ይግባኝ ልበል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። በዲቪ አሜሪካ ሄጄ እዚያው ጦር ሠራዊት ውስጥ አገልግያለሁ። ልምምድ ላይ ከመኪና ወድቄ ቀኝ ትከሻዬ ተጎዳ፤ የምጽፍበትም የምበላበትም እጅ እሱ ነው። አሁን እናቴን ለማስታመም አገሬ ገብቻለሁ። ቪኤ፣ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ጉዳቱ በአገልግሎት ላይ የደረሰ መሆኑን ተቀብሎ 20 በመቶ የአካል ጉዳት ደረጃ ሰጥቶኛል። ግን የተመረመርኩ ቀን ትከሻዬ ደህና ስለነበር እጄን እስከ ትከሻዬ አነሳሁ። እዚህ ብርዱ ሲበረታ እኮ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የውሳኔው ደብዳቤ ከደረሰኝ ስምንት ወር ሊሆነው ነው። በቴሌግራም ያገኘሁት ሰው «እንደ አዲስ አመልክተን አሳድግልሃለሁ፣ የሚመጣውን እኩል እንካፈላለን» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ለዚያ ሰውዬ ምንም ነገር እንዳትፈርም። የቪኤን ይግባኝ በክፍያ መያዝ የሚችለው ቪኤ ራሱ ፈቃድ የሰጠው ጠበቃ ወይም ወኪል ብቻ ነው። ክፍያውም ቢሆን ልክ አለው፤ ካሸነፍክ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ከሚከፈልህ ውዝፍ ገንዘብ እስከ 20 በመቶ አግባብ ነው ተብሎ ይወሰዳል፣ ከሲሶ በላይ ከሆነ ግን አግባብ እንዳልሆነ ይቆጠራል። ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ደግሞስ ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብሊው የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ይህንኑ ሥራ በነፃ እየሠሩ ለምን ትከፍላለህ?

ሁለተኛ፣ ነገሩን ከዜሮ አትጀምረው። ውሳኔው በተሰጠ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይታይልኝ ካልክና ከተሳካልህ፣ ልዩነቱ የሚከፈልህ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። ዓመቱ ካለፈ ማመልከት አትከለከልም፣ ውዝፉ ግን ይቀርብሃል። አራት ወር አለኝ ብለህም እንዳትዘናጋ፤ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ እንጂ አንተ እጅ ከገባበት ቀን አይደለም። ዛሬውኑ አውጥተህ እየው።

አሁን ወደ ትከሻው እንምጣ። ቪኤ እጅህን ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ስንት ዲግሪ ድረስ ታነሳለህ ብሎ ነው የሚለካው። ትከሻህ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም 90 ዲግሪ ላይ፣ ከቆመ 20 በመቶ ነው። ግማሽ ላይ፣ 45 ዲግሪ ላይ ከቆመና እጁ ዋናው የምትሠራበት ከሆነ 30 ይሆናል። ከ25 ዲግሪ ካላለፈ ደግሞ 40። ስለዚህ በዚያ ቀን ልኬት ብቻ ከሄድን 20 መስጠታቸው ስህተት አይደለም። ጥያቄው ህመሙ የሚነሳብህን ቀን አስገብተውታል ወይ ነው። በፈረንጆቹ 2017 የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ የሚያየው ፍርድ ቤት ሻርፕ በተባለው መዝገብ ላይ በግልጽ ወስኗል፤ መርማሪው «በዕለቱ ህመሙ ስላልተነሳበት መናገር አልችልም» ብሎ ማለፍ አይችልም። ታማሚውን ጠይቆ፣ ፋይሉን አይቶ፣ በመጥፎው ቀን እጁን ማንሳት ምን ያህል እንደሚያቅተው መገመት አለበት።

የምርመራውን ሪፖርት በፎርም 20-10206 ጠይቀህ አስመጣ። ስታነበው ስለሚነሳብህ ህመም ተጠይቀሃል ወይ፣ መልስህስ ተጽፏል ወይ፣ ቀኝ እጅህ ዋናው እጅህ መሆኑ ሰፍሯል ወይ፣ እነዚህን ፈልግ። ሪፖርቱ ዝም ብሎ ካለፈው «ሃየር ሌቭል ሪቪው» በሚባለው፣ በፎርም 20-0996፣ ከፍ ያለ ባለሙያ ፋይሉን እንዲያየው ማድረግ ትችላለህ። እዚያ አዲስ ማስረጃ አይቀበሉም፤ ግን ስልክ እንዲደውሉልህ ጠይቀህ ስህተቱ የት ገጽ ላይ እንዳለ ማሳየት ይቻላል። ታዲያ ሰዓቱን አስብበት፤ ምሥራቅ አሜሪካ ጠዋት 9 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ሲሆን እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው።

እኔ ግን ለአንተ የምመርጠው «ሰፕሊመንታል ክሌም» (ተጨማሪ ማመልከቻ) የሚባለውን፣ ፎርም 20-0995ን ነው፤ ምክንያቱም አዲስ ማስረጃ ማምጣት ትችላለህ። በፎርም 10182 ወደ ቪኤ የይግባኝ ቦርድ መሄድም አለ፣ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ለኋላ ይቆይ።

ማስረጃው ምን ይሁን? «በጣም ያመኛል» የሚል ወረቀት አይጠቅምህም። የትከሻህ ህመም ሲነሳብህ ጋቢህን እንዴት ነው የምትለብሰው? በግራ እጅህ ጎትተህ፣ አንገትህን አዘንብለህ ከሆነ፣ እንደዚያው ጻፈው። ቀኝ እጅህ ደረትህ ላይ ደርሶ ይቆማል ወይስ ከዚያ በታች? በወር ስንት ቀን ይነሳል፣ ሲነሳ ምን ያህል ይቆያል፣ ብርድ ነው የሚቀሰቅሰው ወይስ እናትህን ከአልጋ ደግፎ ማንሳት? ሳታጋንን፣ ሳታሳንስም። ወታደር ቤት ያለፈ ሰው ማሳነስ ይቀናዋል። እናትህ ወይም ጎረቤት የሚያዩትን በፎርም 21-10210 ይጻፉልህ፤ በአማርኛ ከሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አያይዝበት። ቀጥሎ አጥንት ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ቢቻል በሚያምህ ቀን። በዓይን ገምቶ እንዳይተወው፣ በማዕዘን መለኪያ ይለካህ። ህመሙ የሚጀምርበትን ዲግሪ፣ ደጋግመህ ካነሳህ በኋላ ያለውን፣ የደህናውን ትከሻም ልኬት ይጻፍልህ። የእኛ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ስለሚጽፉ ለዚህ ትርጉም አያስፈልግህም።

ከ20 ወደ 30 ማለፍ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። በፈረንጆቹ 2025 ለብቻው ላለ ሰው 20 በመቶ በወር 346.95 ዶላር ሲሆን 30 በመቶ 537.42 ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ለጥገኛ ቤተሰብ ተጨማሪ ገንዘብ የሚታሰበው ከ30 ጀምሮ ነው፣ ወላጅም በዚህ ውስጥ ይገባል። እናትህ ገቢዋ አነስተኛ ሆኖ በአንተ እጅ የምትተዳደር ከሆነ በፎርም 21ፒ-509 ታመለክትላታለህ።

ደብረ ብርሃን መኖርህ ካሳውን አይቀንሰውም። ኢትዮጵያ ያለ ሰው ጉዳይ የሚታየው በፒትስበርግ ቢሮ ነው። አድራሻህንና ስልክህን እዚያ አስተካክል፤ አዲስ ምርመራ ጠርተውህ ሳትሰማ ከቀረህ ድካምህ ሁሉ መና ይቀራል። ስትመረመርም ጥርስህን ነክሰህ እጅህን አትግፋው፤ ህመሙ የጀመረበት ላይ «እዚህ ጋ አመመኝ» በል። ለትከሻው እዚህ የምትታከምበትን ወጪ ደግሞ ፎረን ሜዲካል ፕሮግራም የሚባለው የቪኤ ክፍል ስለሚሸፍን አስቀድመህ ተመዝገብ፣ ደረሰኝህንም ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር አስቀምጥ።