ስልኩን ከመንጠቃችን በፊት፦ ኦቲዝም ስላላቸው ወጣቶችና ስለ ኢንተርኔት ጥያቄና መልስ

እነዚህን ጥያቄዎች ያቀረቡት በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካዛንችስ አካባቢ የሚኖሩ ወይም የኖሩ ወላጆች ናቸው። መልሱን የምሰጠው በልዩ ፍላጎት ትምህርት ከእነዚህ ወጣቶች ጋር የምሠራ መምህር እንደመሆኔ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ15 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ስልክ ላይ ይተከላል። ስንቀበለው ይጮኻል፣ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ሱስ ይዞታል ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሰዓቱ መብዛትም ሆነ ጩኸቱ ለብቻው ሱስ መሆኑን አያረጋግጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና እክል ተካቷል፤ እርሱም ቢሆን የሚባለው ወጣቱ ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ሁሉ ሲያስቀድመውና ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ቆይቶ ትምህርቱን ወይም ኑሮውን ክፉኛ ሲጎዳ ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን የያዘው ነገር ሳያልቅና አስቀድሞ ሳይነገረው መቋረጡ በራሱ ከባድ ጭንቀት ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ከመከልከልዎ በፊት ለጥቂት ቀናት ምን እንደሚያይ፣ መቼና ከምን በኋላ እንደሚያይ መዝግቡ። በታክሲ ሰልፍና በክፍል ጫጫታ ተጨናንቆ የዋለ ልጅ፣ ቤት ገብቶ አንዱን የባቡር ቪዲዮ ደጋግሞ ቢያይ ራሱን እያረጋጋ ሊሆን ይችላል። የሚያረጋጋውን አንድ ነገር ምትክ ሳናዘጋጅ ብንወስድበት ችግሩን እናባብሳለን እንጂ አናቃልልም።

ጥያቄ፦ እነዚህ ልጆች ከሌላው ይበልጥ ለኢንተርኔት ሱስ ይጋለጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ በርካታ ጥናቶች ወደዚያ ያመለክታሉ። በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው ኦቲዝም ከትኩረት ማነስና ከቅብጥብጥነት ችግር ጋር ሲደረብ ነው፤ በጃፓን በአንድ የወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የኢንተርኔት ሱስ ምልክት የታየው ኦቲዝም ብቻ ካላቸው 10.8 በመቶ፣ ሁለቱም ካሉባቸው ግን 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነበር። ቁጥሩ የሐኪም ቤት ታካሚዎችን የሚመለከት ስለሆነ በየቤቱ ላሉ ልጆች ሁሉ እንዳለ አይወሰድም።

ጥያቄ፦ «እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ» ብለን ተስማምተን ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ይክደናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የምትነግሩት ሰዓትና ስልኩ የሚያሳየው ሰዓት አንድ መሆኑን አረጋግጡ። እናንተ ማታ ሦስት ሰዓት ስትሉ ስልኩ 9:00 ወይም 21:00 ይላል። ሌላው ልጅ በልማድ ያስማማዋል፤ የተነገረውን ቃል በቃል የሚወስድ ልጅ ግን «ገና ነው» ብሎ ሲከራከር እየካደ ሳይሆን ያየውን እየተናገረ ነው። ስልኩ የሚያሳየውን ቁጥር ራሱን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ከሥሩ የስልክ፣ የራት፣ የመታጠቢያና የመኝታ ሥዕል በተርታ ሥላችሁ እርሱ በሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከማብቂያው 10 ደቂቃ በፊት፣ ቀጥሎም 5 ደቂቃ ሲቀረው አስታውሱት፤ የኳስ ጌም ከሆነ ደግሞ በመሃል ከማስቆም «ይህ ጨዋታ ሲያልቅ» ማለት ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ያን ጊዜ ምን እንደሚደረግም በዚያው ወረቀት ላይ አስቀድሞ ይሥፈር። በቀን ለስድስት ሰዓት ያህል ይጠቀም ከነበረ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት አታውርዱት፤ በየሳምንቱ በጥቂቱ ቀንሱ። ይህ ሁሉ የሚሠራው አባትም ራት ላይ ስልኩን ካስቀመጠ ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ለአንዱ የሚሠራ ለሌላው የማይሠራ ሕግ ሕግ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኛ የካዛንችስ ሰዎች ነን። ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ልጄ ከቤት አይወጣም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም የአዲሶቹ ጎረቤቶች ዓይን ስለሚከብደኝ ስልኩን ሰጥቼው ዝም ያሰኘሁበት ጊዜ አለ።

መልስ፦ እትዬ፣ ይህን መናገርዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ እናቶች በዚህ ውስጥ እያለፉ ነው። ልጁ ያጣው ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ባለ ሱቁን፣ የሚያውቀውን መንገድና ስሙን ጠርተው ሰላም የሚሉትን ሰዎች ጭምር ነው። ያልተለወጠበት ስልኩ ብቻ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሚሠራውን የኒያ ፋውንዴሽንን ሲመሠርቱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከሰው ዓይን ተሸሽጎ የሚያድግበት ቤት ብዙ ነበር፤ ዛሬ በር ዘግተን ስልክ ብንሰጠውም መሸሸጉ ያው ነው። ስለዚህ በአንድ አጭር መንገድ ይጀምሩ፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እስከ ሱቅ ሄዳችሁ ተመለሱ። ባለ ሱቁንም «ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ መልስ እስኪሰጥዎ ጥቂት ይጠብቁት» ብለው አስቀድመው ይንገሩት። ልጁ በስልኩ የሚወደውንም ወደ ውጭ ማውጣት ይቻላል፤ የባቡር ቪዲዮ የሚወድ ከሆነ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከስታዲየም ተነሥታችሁ በቀላል ባቡር ሁለት ፌርማታ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ በኢንተርኔት ያወቀችው «ጓደኛ» የእኔን የሞባይል ገንዘብ ሚስጥር ቁጥር ጠይቋት ሰጠችው። ብቆጣትም ምን እንዳጠፋች አልገባትም።

መልስ፦ ቁጣ የሚያስተምራት ነገር የለም። «ተጠንቀቂ» የሚለው ምክርም ለእርሷ ሰፊ ነው። ሕጉ ጠባብና ግልጽ ይሁን፦ ሚስጥር ቁጥር፣ የቤት አድራሻና ፎቶ ለማንም አይላክም፤ የሚጠይቀው ጓደኛ ነኝ ቢል፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም አይላክም፤ የጠየቀ ሰው ካለ ለእናት ይታያል። ከዚያ እርስዎ የአጭበርባሪውን ቦታ ይዘው፣ ልጅቷ መልሱን ጮክ ብላ እየተናገረች ደጋግማችሁ ተለማመዱ። መጥታ ስታሳይዎት ስልኩን ከቀሟት ሁለተኛ አታሳይዎትም። የተሰጠውን ቁጥር ግን ዛሬውኑ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው? የትስ እንሂድ?

መልስ፦ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ምግብ ሲተው፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ሲል፣ ራሱን ወይም ሌላውን ሲጎዳ አትጠብቁ፤ መሞት እፈልጋለሁ ካለ ደግሞ በዚያው ዕለት ውሰዱት፣ ብቻውንም አትተዉት። በስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሆስፒታልና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሕፃናትና የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ። ከስልኩ ጀርባ ጭንቀት፣ ድብርት ወይም በትምህርት ቤት የሚደርስበት ጥቃት ተደብቆ ሊገኝ ስለሚችል ምርመራው በስልክ ጉዳይ ብቻ እንዳይወሰን ጠይቁ። የእንቅልፍ መድኃኒት በራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ። ስትሄዱ የመዘገባችሁትን ደብተር ያዙ፤ ልጁንም የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ ወደ ቤት እንደሚመለስ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩት።