ኤሲው ሲከፈት የሚሸተኝ ምንድነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የመኪናዬን ኤሲ ስከፍት የመጀመሪያዋን አንድ ሁለት ደቂቃ የሆነ የሻገተ፣ ተነክሮ የተረሳ ፎጣ አይነት ሽታ ይመጣል ከዛ ቀስ እያለ ይጠፋል። ማቀዝቀዙ ላይ ምንም አላጎደለም። ጋራዥ ስወስደው ጋዙ አልቆ ነው ብለው ሞሉልኝ፣ ሁለት ቀን ሳይቆይ ያው። አሁን ሽቶ ሰቅዬበታለሁ ግን እውነት ለመናገር ሁለቱ ተደባልቀው ባሰበት፣ ልጆቼ ገና በሩን ሲከፍቱ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ሽቶውን አውርጂው፣ ሽታው ካልታወቀ በሽታውም አይታወቅም። የጋዙ ነገር ደግሞ ትንሽ አናዶኛል። ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው፣ አንቺ ከምትተነፍሺው አየር ጋር አይገናኝም፣ እና ኤሲው በደንብ ያቀዘቅዝ ከነበረ ምኑ አለቀና ነው የሚሞላው?

የሚሸትሽ የቆመ እርጥበት ነው። ከዳሽቦርዱ ኋላ ኢቫፖሬተር የሚሉት ትንሽ ራዲያተር የሚመስል ነገር አለ፣ ኤሲው ሲሰራ ወደ ዜሮ ዲግሪ ጠጋ ይልና ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ላዩ ላይ ውሃ እንደሚያወጣው እሱም ያወጣል። ያ ውሃ በቀጭን ቱቦ መኪናው ስር ይንጠባጠባል። ሞተር አጥፍተሽ ስትወርጂ ግን የተረፈው እዛው ጨለማ ውስጥ ይቀራል፣ አቧራና የአበባ ብናኝ ደግሞ አብሮት አለ፣ ለሻጋታና ለባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ስታስነሺ መጀመሪያ የሚነፍስብሽ እዛ ታፍኖ ያደረ አየር ነው። ከዛ "ጠፋ" የምትይው ግማሹ ወጥቶ ነው፣ ግማሹ ግን አፍንጫሽ ለምዶት ነው፣ ለዚህ ነው አዲስ የሚገባ ሰው ቶሎ የሚሸተው።

በነፃ ከሚፈተሸው ጀምሪ። በሞቃት ቀን ኤሲውን ከፍተሽ መኪናውን አቁሚና አስር ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ከስር እዪ፣ ውሃ መንጠባጠብ አለበት። ከሌለ ቱቦው በጭቃ ወይ በቅጠል ተደፍኗል ብለሽ ጠርጥሪ (አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ግን ጤነኛውም ላያንጠባጥብ ይችላል)። ቀጥለሽ የጋቢናውን ምንጣፍ አንስተሽ ከስሩ ያለውን ስፖንጅ በእጅሽ ተጫኚው። ይሄን የምልሽ ራሴ ስለተሸወድኩ ነው፣ ሁለቴ ማጽጃ ነፍቼበት ሁለቴ ሽታው ተመልሶ ሲመጣ በመጨረሻ ምንጣፉን ሳነሳ ስፖንጁ እንደ እቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ አቀረረ፣ ላዩ ግን ደረቅ ነበር! ቱቦው ስለተደፈነ ውሃው ወደ ውስጥ ነበር የሚፈሰው። እንደዛ ከሆነ ቱቦውን አስከፍቺ፣ ስፖንጁም ወጥቶ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው።

ከዛ ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው ፊልተር። ብዙ መኪና ላይ ከጋቢናው ፊት ያለው እቃ ማስቀመጫ ሳጥን ኋላ ነው፣ ሳጥኑ ሁለቱን ጎን ጫን ጫን ሲሉት ወደ ታች ይወርዳል፣ ክዳኗን ከፍተሽ ትስቢዋለሽ። ከጠቆረ፣ ከረጠበ ወይ ቅጠል ከሞላው ቀይሪው፣ አጥቦ መመለስ የሚባለውን እርሺው፣ ወረቀቱ ውሃ ይዞ ራሱ ይሻግታል። አዲሱ ላይ ቀስት አለ፣ አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚገባው። አብዛኛው አምራች ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንዴ ቀይሩ ይላል፣ አቧራ የሚበዛበት የሚነዳ ግን ያን ያህል ባይጠብቅ ይሻለዋል። አሮጌ መኪና ከሆነ ፊልተሩ ጭራሽ ላይኖረው ይችላል እና አጣሁት ብለሽ ዳሽቦርድ እንዳታፈርሺ። እግረ መንገድሽን ኮፈኑን ክፈቺና የፊት መስታወቱ ስር የተጠራቀመውን ቅጠል ልቀሚ፣ አየሩ የሚገባው በዛ ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ካልጠፋ ያኔ ነው ኢቫፖሬተሩ ራሱ የሚታጠበው። ለዚሁ የተሰራ አረፋ በቆርቆሮ ይሸጣል፣ ሞተር ጠፍቶ ፊልተሩ ወጥቶ በረጅም ቀጭን ቱቦው ኢቫፖሬተሩ ድረስ ይነፋል፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ትጠብቂያለሽ፣ አረፋው ወደ ውሃ ተቀይሮ ከስር ሲወጣ ቀለሙን ብታዪ ልጆችሽ ለምን አፍንጫ እንደያዙ ይገባሻል። ከዛ መስኮቱን ሁሉ ከፍተሽ ፋኑን በደንብ ማስነፈስ። ዳሽቦርዱ ላይ ባሉት የአየር ቀዳዳዎች ብቻ መርጨት ኢቫፖሬተሩ ጋ አይደርስም፣ ኤሌክትሪክ ነገርም ሊያርስ ይችላል። በረኪና ደግሞ በፍፁም! አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ትነቱም የሚገባው ሳንባሽ ውስጥ ነው።

እንዳይመለስ ከፈለግሽ ልትደርሺ ሦስት አምስት ደቂቃ ሲቀርሽ ኤሲውን አጥፊና ፋኑን ተዪው፣ የውጭ አየር የሚያስገባውንም ክፈቺ። ትንሽ ይሞቅሻል ቻዪው፣ እርጥበቱን እያደረቅሽው ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪና ይሄን ራሱ ያደርገዋል፣ ቆልፈሽ ከሄድሽ በኋላ ፋኑ ብቻውን ይነሳል፣ የማያውቅ ሰው ሌባ የገባ ነው የሚመስለው።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ ሻጋታ አይደለም፣ ጣፋጭ ነገር ይሸታል፣ በተለይ ማሞቂያውን ስከፍት። የፊት መስታወቱም በውስጥ በኩል ቅባት ነገር እየሆነ ብጠርገው ይመለሳል። በዚሁ አረፋ ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም ወንድሜ፣ ያንተ ሌላ ነው። ከኤሲው አጠገብ ለማሞቂያ የሚሆን ሌላ ትንሽ ራዲያተር አለ፣ የሞተሩ ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) በውስጡ ያልፋል፣ ጣፋጭ ሽታና ቅባት የመሰለ ጉም አንድ ላይ ሲመጡ ብዙ ጊዜ እሱ እያፈሰሰ ነው። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ (ትኩሱን ክዳን እንዳትነካ) የኩላንቱን መጠን እይ፣ እየወረደ ከሆነ ሳታቆይ መካኒክ አሳየው፣ ውሃ እየጨመርኩ እነዳለሁ ካልክ አንድ ቀን ሞተሩ ይግላል። ኩላንት መርዝ ነው፣ ምንጣፉ ላይ ያገኘኸውን እርጥበት ህፃን ወይም ውሻ እንዳይነካው፣ እስኪሰራ ድረስም መስኮት ከፈት አድርገህ ንዳ።