ሆሊዴይ ወድቋል ወይስ አልወደቀም? ቁጥር ለምትወዱ ልጆች

እዚህ ሜሪላንድና አካባቢው ያላችሁ፣ ቤዝቦል ከወላጆቻችሁ በላይ የሚገባችሁ ልጆች፣ ይሄ ለናንተ ነው፣ በተለይ ዳታ ተምረን ስፖርት ውስጥ እንገባለን ለምትሉት። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ኢንሹራንስ ውስጥ ስታቲስቲክስ ላይ ነው፣ ቤዝቦሉን የለመድኩት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው፣ ስለዚህ የኳስ አሰልጣኝ ነኝ አልልም፣ ግን ከጥቂት ቁጥር ተነስቶ ስለ ሰው መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ጠንቅቄ አውቃለሁ።

የጃክሰን ሆሊዴይን ነገር እንያዝ። የባልቲሞር ቡድን ኦሪዮልስ በ2022 ድራፍት (ቡድኖች በየተራ አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት) ከሁሉም አስቀድመው የወሰዱት የኦክላሆማ ልጅ፣ ገና ከሃይስኩል እንደወጣ፣ አባቱ ማት ሆሊዴይ ደሞ ራሱ ሰባት ጊዜ ኦልስታር የሆነ። በ2023 በአንድ ሲዝን ማይነር ሊግን (ከዋናው ከሜጀር ሊግ በታች ያለውን) አራት ደረጃ ወጣ። ኤፕሪል 10 ቀን 2024 ቦስተን ላይ ሜጀር ሊግ ሲጀምር 20 ዓመቱ ነው። ከዛማ ምን ልበላችሁ፣ በ10 ጨዋታ 34 ጊዜ ለመምታት ቆሞ 2 ሂት (መትቶ ቤዝ የደረሰበት) ብቻ፣ 18 ስትራይክአውት (በሦስት ስትራይክ የወጣበት)፣ ወር ሳይሞላው ወደ ማይነር ሊግ፣ ወደ ኖርፎክ መለሱት።

ያኔ ግማሹ ሰው አለቀለት አለ፣ ግማሹ ደሞ ኧረ 34 ምን ቁጥር ነው ዕድሉ ነው አለ። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። እርግጥ ነው 34 ትንሽ ነው፣ አንድ ሂት ብትጨምሩለት አቬሬጁ (ሂቱ ለሙከራው ሲካፈል) ከ0.059 ወደ 0.088 ይዘላል። ግን ሂሳቡን ሥሩት እስቲ፦ እውነተኛ ችሎታው 0.250 የሆነ ልጅ ከ34 ሁለት ወይም ከዛ በታች የማግኘት ዕድሉ ከሺህ 4 ገደማ ነው። እና ዕድል ብቻ ነው ማለት ይከብዳል፣ የሆነ ያልሰራ ነገር አለ፣ እሱን የሚጠቁማችሁ ስትራይክአውቱ ነው። ሂት ብዙ ነገር ይገባበታል፣ ንፋሱ፣ ሜዳው፣ ተከላካዩ የቆመበት ቦታ ምናምን፣ ስትራይክአውት ግን አብዛኛው በፒቸሩ (በወርዋሪው) እና በልጁ መሀል የሚያልቅ ነገር ስለሆነ በትንሽ ቁጥርም ቢሆን ቶሎ እውነቱን ያወጣዋል።

ጁላይ 31 ተመለሰ፣ በዛው ቀን በኦሪዮልስ ሜዳ ካምደን ያርድስ ላይ የሜጀር ሊግ የመጀመሪያ ሆምረኑን መታ፣ እሱም ግራንድ ስላም፣ በአንድ ምት አራት ነጥብ (ጩኸቴ ባለቤቴን ከኩሽና አስወጥቷታል)። ሲዝኑ ሲያልቅ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው 60 ጨዋታ፣ 0.189፣ 5 ሆምረን ነው። እሱን ብቻ ያየ ሰው ወደቀ ቢል አልፈርድበትም። እናንተ ግን ዓመቱን ለሁለት ክፈሉት። ኤፕሪል ላይ ለመምታት ከቆመው ግማሹን ስትራይክአውት ነበር፣ ከተመለሰ በኋላ ወደ አንድ ሦስተኛ ግድም ወረደ፣ በ2025 ደሞ ከአንድ አራተኛ በታች ገባ። አቬሬጁ 0.242፣ ሆምረኑ 17፣ የሰረቀው ቤዝ 17 ሆነ። ያልሰራው ነገር እየተጠገነ ነበር ማለት ነው፣ አቬሬጁ ግን ይሄን የነገረን ዘግይቶ ነው።

አሮን ጃጅን ታውቁታላችሁ አይደል፣ በ2016 ያንኪስ ሲያመጡት 84 ጊዜ ቆሞ 42 ስትራይክአውት፣ 0.179። በሚቀጥለው ዓመት 52 ሆምረን መትቶ የዓመቱ ሩኪ (የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች) ተባለ። ስትራይክአውቱ አሁንም ብዙ ነበር፣ ግን ከግማሽ ወደ ሠላሳ ስምንት በመቶ ግድም ወርዷል። ዊሊ ሜይስ ደሞ በ1951 ከመጀመሪያዎቹ 26 ሙከራዎች ያገኘው አንድ ሂት ነው፣ እሱም ሆምረን። አሰልጣኙ ሊዮ ዱሮቸር ግን ከቦታው አላነሳውም፣ በዛው ዓመት የዓመቱ ሩኪ ሆነ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ሜይስን ያተረፈው መቆየቱ ነው፣ ሆሊዴይን የጠቀመው ደሞ ወደ ማይነር ሊግ መውረዱ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ሁሉንም ታገሱ ወይ ሁሉንም አውርዱ የሚል ሕግ ካወጣችሁ ከሁለት አንዱን ታበላሹታላችሁ። አንድ ቀን አለቃ ስትሆኑ አዲስ ልጅ ሥራችሁ ሲገባ ይሄንን አስቡት።

በተቃራኒውም አለ፣ እሱ ብዙ አይወራም። ጆ ሻርቦኖ በ1980 ክሊቭላንድ ውስጥ 23 ሆምረን መትቶ የዓመቱ ሩኪ ሆነ፣ ከተማው አበደለት፣ ከዛ ጀርባውን ተጎዳና ከ1982 በኋላ ሜጀር ሊግ አልታየም። ሽልማቱ የውሸት አልነበረም፣ የዛን ዓመት ነገር ነው እንጂ ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም።

ለሥራችሁ የምመክራችሁ፣ ስለ አንድ ሩኪ ሪፖርት ጻፉ ከተባላችሁ ከነድምዳሜያችሁ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ የትኛው ቁጥር ነው የሚለውንም አስቀድማችሁ ጻፉት፣ ከነቀኑ። ካልጻፋችሁት በኋላ ሁላችንም አውቄው ነበር ነው የምንለው።

የኔን ልንገራችሁ፣ ሆሊዴይ ላይ ገና አልጨረስኩም። በ2023 ማይነር ሊግ ውስጥ 101 ዎክ (አራት መጥፎ ኳስ አሳልፎ በነፃ ወደ ቤዝ መሄድ) የወሰደ ልጅ ነው፣ መጥፎ ኳስ ማሳለፍ ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ በ2025 ግን ቤዝ ላይ የደረሰበት መጠን 0.314 ነው፣ ይሄ በአንደኝነት ለተመረጠ ልጅ አነሰኝ። ሆምረኑ ቢጨምር ደስ ይለኛል፣ እኔ የምከታተለው ግን ዎኩን ነው።