«ወገቤን አመመኝ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ሰላም ለደብረ ሲናው ወንድማችን። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። 12ኛን ጨርሰሃል፣ ሰዋስው ስትጠየቅ ትመልሳለህ፣ አፍህን ስትከፍት ግን ቃሉ ይጠፋብሃል። አንድ ሰው «ስለ ስፖርትና ስለ ጤና እያወራህ ተለማመድ» አለህ። አንተ ደግሞ ኳስ አትወድም። «ለእኔ ይሠራል ወይ?» ነው ያልከው።

ይሠራል። ኳስ ባትወድም ይሠራል። ግን «የሚያዝናና ርዕስ ስለሆነ» የሚሉትን ተወው፤ ምክንያቱ እሱ አይደለም። እኔ የገባኝ በወገቤ ነው።

ከዓመታት በፊት እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ተቀጠርኩ። ተቆጣጣሪያችን የውጭ አገር ሰው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ካርቶን ሳነሳ ሳወርድ ወገቤ ተያዘ። ቀና ማለት አቃተኝ። ሄድኩና «ማይ ዌስት ኢዝ ሲክ ሚ» አልኩት። በልቤ «ወገቤን አመመኝ» ማለቴ ነው። ሰውየው ወገቤን አየ። የለበስኩትን ቱታ አየ። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ከምሳ በኋላ ሁለት ቁጥር ሰፋ ያለ ቱታ ይዞልኝ መጣ። ጠቦኝ መስሎታል። ፊቱ ላይ ያለውን ደግነት ብታይ! እኔም «ታንክ ዩ» ብዬ ተቀብዬ ወደ ካርቶኔ ተመለስኩ። ማታ ቤቴ ስገባ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

እኛ «ወገቤን» የምንለውን ሕመም እነሱ «ባክ» ነው የሚሉት፤ ጀርባ ማለት ነው። «ዌስት» ለእነሱ የቀበቶ ቦታ ነው። «ማይ ባክ ኸርትስ» ብል ኖሮ በሦስት ቃል ይገባው ነበር። 12 ዓመት እንግሊዝኛ ተምሬ እነዚህን ሦስት ቃላት አልያዝኩም። «ኢፍ ክሎዝ» ሦስት ዓይነት እንደሆነ ግን አውቅ ነበር።

በኋላ ነገሩን ሳስበው ችግሩ የአንድ ቃል አልነበረም። በአማርኛ ሥራውን የሚሠራው በሽታው ነው። ጉንፋን ያዘኝ። ራሴን አመመኝ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ በረደኝ። እኔ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ፣ ረሃቡ መጥቶ ይይዘኛል። እንግሊዝኛው ይገለብጠዋል። ጉንፋኑን የያዝኩት እኔ እሆናለሁ፤ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። ራበኝ ሲሉም «እኔ ረሃብተኛ ነኝ» ዓይነት ነው፤ «አይ አም ሀንግሪ»። (ሀ-ዋን ካልተነፈስካት «አንግሪ» ትሆንና ሰውየው ምን አስቆጣት ይላል። እኔ ላይ ደርሷል።) ስለዚህ ስለ ሰውነትህ ባወራህ ቁጥር አማርኛና እንግሊዝኛ የሚጋጩበት ቦታ ላይ ነው የምትቆመው። ስለ ኢንተርኔት ጥቅምና ጉዳት ብታወራ እዚያ ቦታ አትደርስም። ሰውነትህ ደግሞ ሁልጊዜ ካንተ ጋር ነው፤ ደብተር አያስፈልገውም።

የኛን አገር ብርድ ውሰድ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፤ ቁልቁል ወደ እናንተ ሲወረድ እኮ ነው ሰው ሹራቡን የሚያወልቀው። «ኢት ኢዝ ኮልድ» ካልክ አየሩ ነው። «አይ አም ኮልድ» ካልክ አንተ ነህ የበረደህ። «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ካልክ ጉንፋን ይዞሃል። አንዲቷ «ኮልድ» ናት ሦስት ቦታ የምትገባው። ይህን ከመጽሐፍ ብታነብ በማግስቱ ይጠፋሃል። ጠዋት ጣትህ ደንዝዞ ስትለው ግን አይጠፋም። ያ ሰፊ ቱታ እዚህ ላይ ጠቀመኝ፤ ከውስጡ ሁለት ሹራብ ያስገባል፣ ለጠዋት እግር ጉዞ ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም።

እግር ጉዞው እንዲህ ተጀመረ። ወገቤ ሲብስ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ በየቀኑ መራመድ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ከሰፈሬ አንድ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ስኳር ስላለባቸው እሳቸውም በሐኪም ትእዛዝ ይራመዳሉ። ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሦስት ሆንን። ጋሼ አንድ ሕግ አወጡ፤ በሬሳ ወንዝ እስክንደርስ እንግሊዝኛ ብቻ፣ ስንመለስ አማርኛ። ቆንጆነቱ መመለሻው ላይ ነው። ስንሄድ ያቃተንን ሁሉ ስንመለስ በአማርኛ እናወራዋለን፣ እሳቸውም እንዴት እንደሚባል ይነግሩናል። በማግስቱ ያንኑ ደግመን እንላለን። አዲስ ርዕስ አንፈልግም ነበር። ትናንት ምን በላሽ፣ እንዴት አደርሽ፣ እግርሽን ተሻለሽ ወይ፣ በቃ። ወር ሙሉ ያንኑ። የሚሰለች ይመስላል አይደል? ምላስ የሚፈታው ግን በአዲስ ነገር አይደለም፣ የተባለውን ደግሞ በማለት ነው።

የመጀመሪያ ቀን ጋሼ «ዋት ዱ ዩ ዱ ኤቭሪ ሞርኒንግ?» አሉኝ። በኩራት «አይ ወርክ ስፖርት» አልኩ። ስፖርት እሠራለሁ ማለቴ ነዋ! እሳቸው ቆሙ። «ስፖርት ፋብሪካ ከፈትሽ እንዴ?» አሉኝ በአማርኛ፣ ሕጋቸውን ራሳቸው አፍርሰው። እኛ ስፖርት እንሠራለን፤ እነሱ አይሠሩትም። ኳስ ከሆነ «ፕሌይ» ነው። ወጥተህ የምትሄድበት ከሆነ፣ ሩጫም ዋናም፣ «ጎ» ነው፤ «አይ ጎ ረኒንግ»። ካራቴና ጂምናስቲክ ከሆነ ደግሞ «ዱ»። ከዚያ «ዎክ» እና «ወርክ» መጡ። «አይ ዎክ ቱ ወርክ» የምትለዋን አረፍተ ነገር ከስድስት ወር በታች በትክክል አልኳት ብል ውሸት ነው።

ስለ ትንፋሽ ደግሞ ይህን ስማ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ አምስት ቀን ማለት ነው። መጠነኛ መሆኑን በምን ታውቃለህ? የጤና ባለሙያዎች ቀላል መለኪያ አላቸው፤ እየተራመድክ ማውራት ከቻልክ፣ መዝፈን ግን ካቃተህ፣ ልክ ነህ። ገባህ? እያወሩ መራመድ ራሱ መለኪያው ነው። ዳገት ላይ ረጅም አረፍተ ነገር አይወጣም። ጋሼ «ትንፋሽሽ ከተቆረጠ አረፍተ ነገርሽ ረዝሟል፣ አሳጥሪው» ይሉኝ ነበር። የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ሁሉ ረጅም ነበር፤ «ሃውኤቨር» እና «ሞርኦቨር» የበዛበት። ያሳጠረልኝ ዳገቱ ነው። አንተ ደግሞ ወደ ጣርማ በር የሚወጣው አቀበት ደጅህ ላይ አለ፤ ከዚያ የሚበልጥ አስተማሪ ከየት ታመጣለህ።

«ብሬዝ» የምትለዋን ቃል፣ ትንፋሽ ማለት ነው፣ መጨረሻዋን እኛ ወይ «ስ» ወይ «ዝ» እናደርጋታለን። ምላስህን በላይና በታች ጥርስህ መሃል ወጣ አድርገህ አየር ብቻ ማስወጣት ነው። በውርጭ ጠዋት ምላስህ ወጣ ሲልና ከፊቱ ቀጭን እንፋሎት ሲዘረጋ ታየዋለህ። ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የኔን እንፋሎት ይመለከቱ ነበር፣ ሐኪም ራጅ እንደሚያይ።

ሰዓት ላይ አንድ ጉድ ልንገርህና ልለፍ። ያ ቱታ ያመጣልኝ ሰውዬ በኋላ ከእኛ ጋር መራመድ ፈለገ። እኔ «ሰንዴይ፣ ትዌልቭ ኦክሎክ» አልኩት፤ የኛን ጠዋት 12 ሰዓት። ጠዋት ጠብቀነው ቀረ። ለካ በእኩለ ቀን የስፖርት ጫማውን አስሮ በፀሐይ ቆሞ ኖሯል። የኛ ጠዋት 12 ለእነሱ ስድስት ነው። ስድስት ጨምር ወይ ቀንስ፣ ሁልጊዜ።

ኳስ ስለማትወድ ብዙ አልልህም። አንድ ነገር ብቻ፣ ለሥራ ፈተናም ይጠቅምሃልና። እኛ ጨዋታውንም «አሸነፈ»፣ ተጋጣሚውንም «አሸነፈ» እንላለን። በእነሱ ጨዋታውን ከሆነ «ዊን»፣ ሰውን ወይም ቡድንን ከሆነ «ቢት» ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለህ «አርሰናል ዋን ቼልሲ» ብትል አጠገብህ ያለው ይገባዋል፤ እንግሊዙ ግን አርሰናል ቼልሲን በሎተሪ ያገኘው ይመስለዋል። በነገራችን ላይ ዲኤስቲቪ ቤት እንግሊዝኛ ይሻሻላል የሚሉህን አትስማ። ጩኸት ነው የሚሰማው። እኔ ወንድሜን ተከትዬ ሞክሬዋለሁ፤ የተማርኩት «ኦፍሳይድ» ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አስቀድሜ አውቀው ነበር።

ከኳስ ይልቅ ሩጫ ውሰድ፣ የራስህ አገር ታሪክ አለህና። አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ ሸዋ፣ ከመንዲዳ ብዙ በማይርቀው ጃቶ ነው። ጋሼ ያለፈ ጊዜን ያስተማሩን በእሱ ነው። በየተራ አንድ አንድ አረፍተ ነገር። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ቶኪዮ ከመሮጡ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ያም ሆኖ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ፣ ገብቶም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። እዚህች ላይ እኔ «ሂ ሜድ ጂምናስቲክ» አልኩ፤ «ስትሬችድ» ነው የሚባለው።

ቀኑ ራሱ ትምህርት ነበር። የሮሙ ውድድር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። በእነሱ 1960 ይሆናል፤ ስምንት ጨመርን። የቶኪዮው ጥቅምት 1957 ነው፣ በእነሱ 1964፤ ሰባት ብቻ ጨመርን። ከመስከረም 1 እስከ የእነሱ ዲሴምበር ማብቂያ ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ስለ ራስህ የትውልድ ዘመን ስትጠየቅ የምትንተባተበው እዚህ ነው። ያች ጎረቤቴ ልጅ ይህን እስክትረዳ ድረስ በየቅጹ ዕድሜዋን በዓመት ታሳንስ ነበር። ምናልባት ሆን ብላ ይሆናል፣ አልጠየቅኳትም።

ምግብ ላይ ደግሞ ጾም አለ። «አይ አም ፋስቲንግ» ብለህ ከዚያ ሽሮ ስትበላ ያየህ ፈረንጅ ግራ ይገባዋል። ለብዙዎቹ ፋስቲንግ ምንም አለመብላት ነው። እኔ አሁን እንዲህ ነው የምለው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም፣ የመጀመሪያ ምግቤም ከሰዓት በኋላ ነው። አጫጭር አረፍተ ነገር ነው፣ ያልቃል። በሶን ማስረዳት ግን እስካሁን ያስቸግረኛል። የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ በውሃ የተበጠበጠ። ትክክል ነው፣ ግን ሲሰሙት የግድግዳ ቀለም ይመስላል።

ያልሠራልኝንም ልንገርህ። የስፖርት ቃላት ዝርዝር መሸምደድ አልሠራም። 40 የሰውነት ክፍል ስም ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር፤ ቅንድብን እስከዛሬ ተጠቅሜበት አላውቅም። መስታወት ፊት ብቻዬን ማውራትም አልሆነልኝ፣ አፈርኩ። የቢቢሲ «እንግሊዝኛ በ6 ደቂቃ» የሚለው ዝግጅት ግን ጠቅሞኛል። ብዙ ጊዜ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሩጫ ያወራሉ። አንዱን ለሳምንት ደጋግሜ እሰማለሁ እንጂ በየቀኑ አዲስ አላወርድም። ዳታም ይቆጥባል።

ሰው ከሌለህስ? ጠይቀሃል። አንድ ሰው ይበቃል፣ ካንተ የሚሻል መሆንም የለበትም። ጋሼ ለሁለት ወር አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ እኔና ልጅቷ ብቻችንን ቀጠልን። ስንሳሳት አብረን ነው የምንሳሳተው፤ ያልተግባባንበትን ጽፈን አቆየንላቸው። ሲመለሱ 31 ጥያቄ ጠበቃቸው። ሳያርፉ በመጀመሪያው ጠዋት 12ቱን መለሱ።

ወደ ደብረ ብርሃን ከወጣህ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ በኛ ሰዓት፣ ና። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ መነሻውን እነግርሃለሁ። ጋሼ የደብረ ሲና ቆሎ እንዴት እንደሚዘጋጅ በእንግሊዝኛ ያስተርኩሃል፤ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ። ለእሳቸው ሽንብራው ይብዛበት፣ ጨው አይንካው።